ባለ ጉትቻዋን ማን ጠራት?

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዝናብ ፒያሳ ድረስ መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ከኋላዬ የተሰቀለችውን ልጅ ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋታል። ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቨርሜር በአውሮፓ አቆጣጠር 1665 ገደማ የሣላት ባለ ሉል ጉትቻዋ ናት። ዋናው ሥዕል ሆላንድ፣ ደን ሃግ (ሄግ) ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ነው ያለው። ቁመቱ ግማሽ ሜትር አይሞላም።

ይህንኑ ቅጂ ቤት ስሰቅል እናቴ ቀና ብላ አየችና «ማንን ነው እንዲህ የምትገላምጠው?» አለች። ሳቅኩ። ከዚያ እኔ ተማርኩ ባዩ፣ ብቸኝነት ነው፣ ጨለማው የውስጧ ሐዘን ነው፣ ምናምን እያልኩ ዘበዘብኩላት።

ጉድ የሆንኩት በኋላ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ሥዕሉ በመሣሪያ ሲመረመር ያ ጥቁር ጀርባ ድሮ አረንጓዴ መጋረጃ ሆኖ ተገኘ። ቨርሜር በጥቁሩ ላይ ስስ አረንጓዴ ቀለም ደርቦበት ነበር፣ ዘመን በላው። ሐዘን ብዬ ያነበብኩት የለቀቀ ቀለም ነው! የላትም ሲባል የኖረው ሽፋሽፍትም ነበራት።

ሉሉማ አይነሣ። ንጽሕና ነው፣ ሀብት ነው ይባላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ከጆሮዋ ጋር የሚያያዝበት ቀለበት እንኳ የለውም፤ ከላይ አንድ ደማቅ ነጭ ጠብታ፣ ከታች የአንገትጌዋ ነጸብራቅ፣ አለቀ። ትርጉም አትስጡ አላልኩም። ቀለሙን ሳታዩት አትቸኩሉ ነው የምለው።

እናቴ አልቸኮለችም። ቡና በቆላች ቁጥር ዞር እያለች ታያት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየች ያደገች ሴት ናት፤ እዚያ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉው ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን። ከቀናት በኋላ «ሁለቱም ዓይኗ ይታያል፣ ክፉስ አይደለችም» አለች። ቀጥላ አፏን አየችው፣ ከፈት ያለውን። «አይ፣ መገላመጥም አይደለም። ጠርተዋት ነው። አቤት ልትል ነው።»

በቃ! ትከሻዋ ወደዚያ እንደሄደ ነው፣ ፊቷ ወደዚህ ዞሯል፣ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። እኔ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ እንዲህ ያለ ንባብ አላገኘሁም።

አሁን ቡናው እስኪቀርብ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፣ መነጽር ያላችሁም አድርጉ። የአፏ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ነጥብ መጀመሪያ ያገኘ ይንገረኝ።