ፍራፍሬ በቸኮሌት ስትነክሩ ጣጣው ውሃው ላይ ነው

[ምስል፦ በጣም በቅርበት። ቸኮሌት የለበሰ እንጆሪ ለሁለት ሲገመጥ። ሽፋኑ ሲሰበር ድምፁ ይሰማል።]

ሰማችሁት? ዛሬ የምንፈልገው ያንን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ነው። ከላይ ስስ የቸኮሌት ሽፋን፣ ከውስጥ ደግሞ ጭማቂው ያልጎደለ ፍሬ። ዱቄት አይገባበትም፣ እንቁላል አይመታበትም፣ የሚጋገርም ነገር የለውም። ፍራፍሬና ቸኮሌት፣ አለቀ።

ሁለት ነገር ብቻ በመሆኑ ግን ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም። አንዳንዴ ሽፋኑ ከፍሬው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዳንዴ ቸኮሌቱ ገና ሳህኑ ውስጥ እያለ ይጓጉላል። አንዳንዴ ደግሞ ሲሠራ ያማረው በማግስቱ ሥሩ ውሃ አቁሮ ይገኛል። ሦስቱንም የሚያመጣቸው ውሃ ነው። እንጆሪ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ቸኮሌት ደግሞ ውሃ የሌለበት፣ በቅባት የተያያዘ ነገር ነው። ሥራው ሁሉ ሁለቱን ሳያጣሉ ማገናኘት ነው።

[ምስል፦ በቀለጠ ቸኮሌት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ሲወድቅ። ማማሰል ሲጀመር ቸኮሌቱ እየደፈረሰ ይቋጠራል።]

ይህን ተመልከቱ። አንዲት ጠብታ ናት የገባችው። አሁን ግን ቸኮሌቱ እንደ ቅድሙ አይፈስም፤ ተሰብስቦ ማንኪያው ላይ ቆሟል። ቸኮሌት ማለት በካካዎ ቅቤ፣ ማለትም ከካካዎ ፍሬ በሚወጣው ቅባት ውስጥ የተበተነ በጣም ደቃቅ የስኳርና የካካዎ ብናኝ ነው። ቅቤው ብናኞቹን እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያንሸራትታቸዋል። ትንሽ ውሃ ሲገባ ግን ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይያያዛል። እርጥብ ማንኪያ የስኳር ዕቃ ውስጥ ስትከቱ ስኳሩ ተቋጥሮ እንደሚወጣው ነው።

ይህ ከደረሰባችሁ አትጣሉት። ትኩስ ወተት በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉት። ትንሽ ፈሳሽ ያጓጎለውን በርከት ያለ ፈሳሽ ያላላዋል። ከዚያ በኋላ ግን መረቅ ሆኗል፤ ደርቆ ሽፋን አይሆንም። ፍራፍሬው ላይ አፍስሳችሁ በማንኪያ ብሉት። ለመንከር ሌላ ቸኮሌት ያስፈልጋችኋል።

[ምስል፦ በንጹሕ ፎጣ ላይ የተዘረጋ እንጆሪ። እጅ አንዱን አንስቶ ቅጠሉን ቀና ያደርጋል።]

ስለዚህ ከቸኮሌቱ በፊት ፍሬውን እናድርቅ። እንጆሪውን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ከነቅጠሉ በሚፈስ ውሃ ለቅለቅ አድርጉና አራግፉት። ፎጣ ላይ ዘርጉት፤ ከዚያ አንድ በአንድ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ደረቀ ብላችሁ ስታስቡ ቅጠሉን በጣታችሁ ቀና አድርጋችሁ እዩት። ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፍሬው ዳር ዳሩን ደርቆ ቅጠሉ ሥር ጠብታ ተኝታ ትገኛለች። እንጆሪውን ዘቅዝቃችሁ ስትነክሩት ያቺ ጠብታ ቁልቁል ወርዳ ቸኮሌቱ ውስጥ ትገባለች። ከሥሩም ጥረጉት። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል አየር ላይ ተዉት።

ቅጠሉን አትቁረጡ። ማስዋቢያ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከቆረጣችሁት ጭማቂው መውጫ ቀዳዳ ያገኛል፤ ሲነከርም መያዣ አይኖራችሁም። ቁስል ያለበትን፣ የላሸቀውን ፍሬ ለይታችሁ እንዲሁ ብሉት።

ሌላው ነገር፣ ፍሬው ከፍሪጅ እንደወጣ አይነከር። ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፤ የደከማችሁበት ማድረቅ ሁሉ መና ይቀራል። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁና እንደገና ጥረጉት።

[ምስል፦ መንደሪን፣ ወይን፣ አናናስ፣ ማንጎና ሙዝ ጎን ለጎን።]

ከእንጆሪ ሌላ? ለጀማሪ የምመርጠው መንደሪን ነው። ተፈጥሮ ራሷ ጭማቂውን በስስ ቆዳ አሽጋዋለች። ቆዳው ሳይቀደድ ክፍሎቹን ለያዩ፣ ነጩን ክር አንሱ፣ ትንሽ አናፍሱት፣ በቃ። የወይን ፍሬም ቆዳው ስለሚይዘው ጥሩ ነው። ለሕፃናት ግን ድፍን ወይን አትስጡ፣ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። አናናስና ማንጎ ሲቆረጡ ጭማቂያቸው አያቆምም። ቆራርጣችሁ ሶፍት ላይ ደርድሩና ሳትከድኑ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩአቸው። አውጥታችሁ ቅዝቃዜው ሲለቃቸው እንደገና ጠርጋችሁ ንከሩ፣ ቶሎም ብሉ። ሐብሐብ ይቅርባችሁ። ሙዝ የራሱ መንገድ አለው፤ እመለስበታለሁ።

[ምስል፦ የቸኮሌት ማሸጊያ ጀርባ። ጣት የንጥረ ነገር ዝርዝሩን ይከተላል።]

አሁን ቸኮሌቱ። ማሸጊያውን ገልብጡና ዝርዝሩን አንብቡ። ቅባቱ የካካዎ ቅቤ ነው ወይስ የአትክልት ቅባት? የአትክልት ቅባት ያለበት ቀልጦ በራሱ ይረጋል፣ ብዙም አያስቸግርም። ጣዕሙ ግን ይቀንሳል፤ ምላስ ላይም እንደ ሰም የመለጠፍ ነገር አለው። የካካዎ ቅቤ ያለበት ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሚሰጣችሁ ግን ያንን ድምፅና ያንን አቀላለጥ ነው። እንደ እኔ ለጣፋጭ ፍራፍሬ ከ55 እስከ 70 በመቶ ካካዎ ያለው ጥቁር ቸኮሌት የሚስተካከለው የለም። ፍሬው ስኳሩን ያመጣል፣ ቸኮሌቱ ምሬቱን።

ለኬክና ለብስኩት የሚሸጡት ትንንሽ የቸኮሌት ጠብታዎች ብዙዎቹ ሲጋገሩ ቅርጻቸውን እንዲይዙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቢቀልጡም ወፈር ይላሉ። ከእነሱ በላይ ተራው ጠፍጣፋ ቸኮሌት ይሻላል። ለግማሽ ኪሎ እንጆሪ 200 ግራም ይበቃል።

[ምስል፦ ቸኮሌት በቢላ ሲከተፍ። ሁለት እጁ ሳህን ውስጥ ይገባል፣ አንድ እጁ ለብቻ ይቀመጣል።]

ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ከሦስት እጅ ሁለቱን ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምሩ፣ አንዱን እጅ ለይታችሁ አስቀምጡ። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አሙቁ። እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር እሳቱን አጥፉና ሳህኑን ድስቱ አፍ ላይ አስቀምጡ። የሳህኑ ሥር ውሃውን አይንካ። መክደኛ አትክደኑበት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ቀስ እያላችሁ አማስሉት። ሲቀልጥ ሳህኑን አንሱና ከምንም በፊት ሥሩን በፎጣ ጥረጉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው እዚህ ጋ ነው። ከሳህኑ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ እስካሁን የተጠነቀቃችሁለትን ቸኮሌት በመጨረሻ ሰዓት ያበላሸዋል።

ማይክሮዌቭም ይሆናል፤ እንዲያውም ውሃ ስለሌለበት ደስ ይለኛል። ኃይሉን ግማሽ ላይ አድርጉ፣ በየ20 ሰከንዱ እያወጣችሁ አማስሉ። ቸኮሌት ከውስጥ ቀልጦም ከላይ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። አልቀለጠም ብላችሁ ስትጨምሩበት ያራል። ስለዚህ ዓይናችሁን ሳይሆን ማንኪያችሁን እመኑ።

[ምስል፦ ቴርሞሜትር ሳህን ውስጥ። 45 ዲግሪ ያሳያል።]

ጥቁር ቸኮሌት ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ቢሞቅ አይጎዳም። ወተት ያለበትና ነጩ ግን ቶሎ ያርራሉ፤ ከ45 አታሳልፏቸው።

አሁን ለይታችሁ ያስቀመጣችሁትን አንድ እጅ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉት። ለምን መሰላችሁ? የካካዎ ቅቤ ሲረጋ በስድስት ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል። የምንፈልገው አምስተኛውን ነው። የሚያብረቀርቀውና ቀጭ ብሎ የሚሰበረው እሱ ነው። የሚቀልጠውም 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ ጠንክሮ ቆይቶ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟው። ስናቀልጠው ያ አደራደር ይፈርሳል። ያልቀለጠው አንድ እጅ ግን አደራደሩን እንደያዘ ስለሚገባ ለቀረው ዘር ይሆነዋል።

ጥቁሩን 31 ወይም 32 ዲግሪ እስኪደርስ አቀዝቅዙት። ወተት ያለበትን 29 ወይም 30፣ ነጩን 28 ወይም 29። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በንጹሕ ማንኪያ ጫፍ ትንሽ ወስዳችሁ ከታችኛው ከንፈራችሁ ላይ ንኩት። ሞቅ ካለ ገና ነው። በጥቂቱ ቀዝቀዝ ሲል ደርሷል። ከዚያ ወረቀት ላይ ትንሽ ቀቡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ረግቶ ካብረቀረቀ ቀጥሉ። ካልረጋ ሌላ ቁራጭ ቸኮሌት ጨምራችሁ አማስሉ።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ አቋራጭ አለ። ቸኮሌቱን በሙሉ አቅልጡ፣ ለ100 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ጨምሩ፣ ነክራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አርጉት። እጅ ላይ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ድምፁም ያን ያህል አይደለም። ወዲያው ለሚበላ ግን ከበቂ በላይ ነው። የላም ቅቤ ግን አትጨምሩ። እሱ ውስጥም ውሃ አለ።

[ምስል፦ እንጆሪ ቅጠሉ ተይዞ ሲነከር፣ ዞር ሲደረግ፣ ሲነሳ።]

ለመንከር ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ከሰፊ ሳህን ይሻላል። ቅጠሉን ሰብስባችሁ ያዙ። ፍሬውን እስከ ትከሻው ንከሩት፣ ከቅጠሉ ሥር ትንሽ ቀይ ይታይ። ዞር አድርጉና አንሱ። ተዘቅዝቆ እንዳለ ነቅነቅ አድርጉት፤ ትርፉ ይውረድ። ሥሩን የኩባያው ጠርዝ ላይ ጠረግ አድርጉና የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አስተኙት። ስታስቀምጡት ግማሽ ጣት ያህል ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። እንዲህ ካላደረጋችሁ ቸኮሌቱ ሥሩ ላይ ተጠራቅሞ ወፍራም እግር ያወጣል።

የምትነሰንሱት ካለ አሁን ነው፤ ከረጋ አይዝም። የተፈጨ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት። መንደሪን ላይ ጥቂት ቅንጣት ጨው ሞክሩ። ጥቁር ቸኮሌት፣ ብርቱካናማ ጭማቂና ጨው አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ጣፋጭ አያስመኝም።

ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይርጋ። ከሞቀ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ጤዛው እዚህም ይመጣል። ላዩ ላይ ያረፈው እርጥበት የቸኮሌቱን ስኳር ያሟሟል፤ ሲደርቅ ነጣ ያለ ብናኝ ትቶ ይሄዳል። አይጎዳም፣ ግን አያምርም።

[ምስል፦ ግማሽ ሙዝ ስንጥር ላይ ተሰክቶ፣ ከፍሪዘር ሲወጣ።]

ሙዙ። ልጆች ካሉ ከዚህ ጀምሩ። የበሰለ ግን ያልላሸቀ ሙዝ ላጡ፣ ለሁለት ቁረጡ፣ የእንጨት ስንጥር ሰክታችሁ ወረቀት ላይ ለሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት። 200 ግራም ቸኮሌት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ጋር አቅልጡ። እዚህ የዲግሪ ጣጣ የለም፤ ፍሪዘሩ ይይዘዋል። ዘይቱ የሚያስፈልገው ሽፋኑ ስስ እንዲሆንና ሲነከስ እንዳይፈረካከስ ነው። ሙዞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታውጡ። ሁለት ሁለት አውጡ፣ ላያቸው ላይ ያለውን አመዳይ በሶፍት ጥረጉ፣ ንከሩ። ቸኮሌቱ ዓይናችሁ እያየ በሰከንዶች ይረጋል። የምትነሰንሱትን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያዙ።

የተነከረ ሙዝ በታሸገ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ትኩሱ ፍራፍሬ ግን የዕለቱ ነው። ጠዋት ሠርታችሁ ማታ ለእንግዳ ብታቀርቡት ጥሩ ነው። እስከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ካቆያችሁት ሥሩ ሶፍት አንጥፉ፣ ዕቃውንም አጥብቃችሁ አትክደኑት፣ የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ያግኝ። ከመብላታችሁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ በጣም ከቀዘቀዘ የቸኮሌቱ ጣዕም አይወጣም።

[ምስል፦ በኩባያው የቀረ ቸኮሌት ወረቀት ላይ ሲፈስ፣ ለውዝ ሲነሰነስበት።]

ኩባያው ውስጥ የተረፈውን ወረቀት ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ የቀረውን ለውዝ በትኑበትና እንዲረጋ ተዉት። የእንጆሪ ጭማቂ የገባበት ከሆነ ግን አይረጋም፤ እሱን በትኩስ ወተት አሟሙታችሁ ጠጡት።