ውሉ ላይ ማን ፈረመ?

በሙዚቀኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለማቅረብ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበሩ ሰብሳቢያችን፣ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ ድምፃውያን፣ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የባንድ ዕድሜና አመራር» የሚል ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ እኛው ባንዶች እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ለእናንተ ስለ እነርሱ ምን እነግራችኋለሁ? አይቤክስ እንዴት ሮሃ እንደሆነ የምታውቁ፣ ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ሲቀር እዚህ የተፈጠረውን ክፍተት ከእኔ በተሻለ የምትተርኩ ሰዎች በዚህ አዳራሽ አላችሁ። ደግሞም የራሳችንን ሳነሣ እከሌ ተነካ፣ እከሌ ተወደሰ እየተባለ ነገሩ ወደ ሐሜት ይዞርብኛል። ስለዚህ ማንም የማይቀየምበትን፣ ከወደ ቴነሲ የተነሣ የፖፕ ፐንክ ባንድ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስሙ ፓራሞር ነው።

ወጣቶቹ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ይህ ሽማግሌ ፓራሞርን ከየት አገኘው ትሉ ይሆናል። እንደ እኔ ቤዝ ጊታር የሚመታ ሰው ቤዝ ያለበትን ሁሉ ይሰማል። ለማታውቁት የእኔ ዘመን ሰዎች ደግሞ፣ ፖፕ ፐንክ ማለት የሚቸኩል ድራም፣ የሚጮህ ጊታር፣ ጥቂት ኮርድ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ታክሲ ውስጥ የምታንጎራጉሩት ዜማ ያለው ሙዚቃ ነው። ጩኸቱን ታግሣችሁ ስሙት፤ ዜማው አለ።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ናሽቪል አጠገብ ባለችው ፍራንክሊን ከተማ ነው። ከሚሲሲፒ የመጣች ሄይሊ ዊሊያምስ የምትባል ልጅ ድምፃዊት ናት። ጆሽ ፋሮ ጊታር፣ ወንድሙ ዛክ ፋሮ ድራም፣ ጄረሚ ዴቪስ ቤዝ ይመታሉ። ሄይሊ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ዛክ ከእርሷም ያንስ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ የሚለማመዱ ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ከባንዱ በፊት አንድ ወረቀት ነበር። አትላንቲክ የተባለው ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ልጅቱን ብቻዋን አይቷት፣ ብቻዋን ሊያዘፍናት አስፈርሟታል። ብቸኛ የፖፕ ዘፋኝ ሊያደርጋት አሰበ። እርሷ እምቢ አለች። ከጓደኞቼ ጋር ባንድ ሆኜ ካልሆነ አልዘፍንም አለች። ኩባንያው አሰበና እሺ አለ። አልበሞቹም ፉልድ ባይ ራመን በተባለው፣ የዚህ ሙዚቃ አድማጭ በሚያውቀው አነስተኛ የአሳታሚ ስም እንዲወጡ ተደረገ። ውሉ ግን አልተነካም። ጓደኞቿን ወደ መድረኩ አስገቡላት፤ ወደ ወረቀቱ አላስገቡላትም።

ወረቀቱ ደግሞ ቀላል ወረቀት አልነበረም። ኩባንያው ከአልበም ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ከመድረክ ገቢና ከሚሸጠው ካናቴራም ጭምር ድርሻ ከሚወስድባቸው፣ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ ከሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ውሎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ድራመሩ ላቡን ያፈሰሰበት የኮንሰርት ገንዘብ እንኳ የሚከፋፈለው እርሱ ባልፈረመበት ወረቀት ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ዛሬ እዚህ የቆምሁት ለዚህ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን ለመቅረጽ ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ በሄዱ ጊዜ ቤዝ መቺው ጄረሚ ዴቪስ ጥሏቸው ሄደ። የግል ጉዳይ ነው አለ። ልጆቹ አዘኑ። ሐዘናቸውን ግን አልደበቁትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የዚያን አልበም ሽፋን ፈልጋችሁ ተመልከቱት። ሽፋኑ ላይ የድምፃዊቷ ፎቶ የለም። ባዶ ቀይ ሶፋ አለ፤ ከጎኑ እየራቀ የሚሄድ የሰው ጥላ አለ። ያ ጥላ የሄደው ቤዝ መቺ ነው። ልብ በሉ! ሰውየው አልበሙ ላይ ቤዝ አልመታም። በቦታው የለም። እንደሌለ ግን ሽፋኑ ይናገርለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

እኔ ይህን ሽፋን ሳይ ምን እንዳስታወሰኝ ታውቃላችሁ። በሰማንያዎቹ ውስጥ የሠራነው ካሴት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ድምፃዊውንም ሙዚቃ ቤቱንም አልጠራም፤ ከእናንተ መካከል ግማሾቻችሁ አውቃችሁታል። ሌሊት ሌሊት ነበር የምንቀርጸው። ኪቦርድ መቺያችን ትኩሳት ይዞት፣ ጋቢ ተከናንቦ ነው የጨረሰው። አንዱን ዘፈን ድራመራችን ምቱን ከሥሩ ለውጦ ነው ያዳነው፤ ያ ምት ባይኖር ዘፈኑ ከካሴቱ ሊወጣ ተወስኖ ነበር። ካሴቱ ወጣ። አገር አዳረሰ። ዛሬም ሠርግ ቤት ሲገባ የሚከፈተው እርሱ ነው። ሽፋኑን አገላብጬ አነበብሁት። የድምፃዊው ስም አለ። የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ አሉ፤ ይገባቸዋል። ፎቶ ያነሣው ሰው ስም አለ። የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ። እኛ የለንም። ሄጄ ባለቤቱን ጠየቅሁት። «ቦታ አልበቃንም» አለኝ። የሽፋኑ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ሙዚቃ ቤቱ በቅርቡ የሚያወጣቸውን ሌሎች ካሴቶች ያስተዋውቅ ነበር።

የተከፈለን ገንዘብ በር ላይ በእጃችን ተቆጠረልን። ማንም አልፈረመም፤ ማንም አላስፈረመም። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው የስልክ ጥሪ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ነው። ሳንቲም አላየንም።

ይህንንስ ታግሠነው ኖረናል። ያንን ምት የፈጠረው ድራመራችን በታመመ ጊዜ ግን ለሕክምናው ገንዘብ ለማሰባሰብ ስንዞር አንድ ደግ ነጋዴ ዘንድ ገባን። «ሰውየው ምን ሠርቷል?» አለን። ስልኬን አውጥቼ ያንን ዘፈን ከፈትሁለት። ፊቱ በራ። «ይህማ የእከሌ ዘፈን ነው፤ የተዳርሁበት ዘፈን ነው» አለ። ድራሙን ማን የመታው ይመስልሃል ስለው ዝም ብሎ አየኝ። ድራም ሰው የሚመታው መሆኑ በዚያች ደቂቃ የተገለጠለት ይመስል ነበር። በነጋዴው አልፈርድም። ማን ነገረው? የት ተጽፎ ያንብብ? ድራመራችን ግን ያንን ዓይነት ጥያቄ በአልጋው ላይ ሆኖ መስማት አይገባውም ነበር። አይገባውም ነበር!

ወደ ፓራሞር ልመለስ። ሁለተኛው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሦስተኛው በ2009 ወጣ። ዝናው መጣ፤ ከዝናው ጋር የጋዜጠኛው ካሜራ ወደ ድምፃዊቷ ብቻ ዞረ። በ2009 ቴይለር ዮርክ በጊታር የባንዱ ሙሉ አባል ሆኖ አምስት ሆኑ። በ2010 መጨረሻ ሁለቱ የፋሮ ወንድማማቾች ለቅቀው ሄዱ። ጆሽ ረዥም መግለጫ ጽፎ አወጣ፤ ባንዱ ትልቅ ኩባንያ ያመረተው ነገር ነው፣ ውሉ ላይ ያለችው እርሷ ብቻ ናት፣ እኛ የእርሷን ሕልም አጃቢዎች ሆነን ቀረን የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። የቀሩት ሦስቱ ኤምቲቪ በተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው መልስ ሰጡ። ከሦስቱ አንዱ ቤዝ መቺው ዴቪስ ነበር። ባንዱን ደግፎ፣ ከእርሷ ጎን ተቀምጦ ተናገረ።

በ2013 ያወጡት አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ከዚያ አልበም አንዱ ዘፈን በ2015 የምርጥ የሮክ ዘፈን ግራሚ አገኘ። ያ ሽልማት ለደራሲዎች የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ የወሰዱት ዊሊያምስና ዮርክ ናቸው። ያንን ዘፈን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ የሚያስነሣው ቤዙ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዴቪስ ከባንዱ ወጣ። ቀጥሎ የተሰማው የፍርድ ቤት ወሬ ነው። የዊሊያምስ ወገን ዴቪስ ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነበር አለ። እርሱ ደግሞ የለም፣ የንግዱ ሸሪክ ነኝ፣ ከኮንሰርቱም ከሸቀጡም ድርሻ ይገባኛል አለ። በ2017 በስምምነት ዘጉት።

ከአሥር ዓመት በላይ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተኝተው የተጓዙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌሎቹ ሶፋውን ባዶ አድርገው ያለቀሱለት ሰው ነው። እርሱ ሸሪክ ነው ወይስ ተቀጣሪ የሚለውን ጥያቄ ገና ልጆች ሳሉ፣ ሲዋደዱ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቢመልሱት ምን ነበረበት?

ልጅቱን አልወቅስም። ጋዜጠኞች ክፉ ሊያደርጓት ብዙ ሞክረዋል። እኔ የማየው ትልቅ ኩባንያ ፊት ቆማ «ያለ ጓደኞቼ አይሆንም» ያለች ልጅ ነው። ከፊት የተቀመጣችሁ ድምፃውያን፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለእናንተ ነው ያመጣኋት። «ፕሮዲውሰሩ አይፈቅድም» የምትሉኝን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ለእርሷ ኩባንያው አልፈቀደም ነበር። እናንተ አንቱ የተባላችሁ፣ አዳራሽ የምትሞሉ፣ ስማችሁ ብቻ ቲኬት የሚሸጥ ሰዎች ናችሁ። እርሷ በአሥራዎቹ አጋማሽ ያለች የሰፈር ልጅ ነበረች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የሙዚቀኞቹ ስም ሽፋኑ ላይ ካልወጣ አልዘፍንም» ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ!

እርሷም ብትሆን ለዚያ ፊርማ ከፍላለች። ውሉ ሃያ ዓመት ያህል ይዟታል። በመካከል በ2017 ዛክ ፋሮ ወደ ድራሙ ተመለሰ፤ አሁን እርሷ፣ ዮርክና ዛክ ሦስት ሆነው ነው ያሉት። በ2023 ያወጡት አልበም ለአትላንቲክ የነበረባቸውን የመጨረሻ ግዴታ ዘጋላቸው፤ በ2024 ደግሞ የምርጥ የሮክ አልበም ግራሚ ወሰዱበት። ስለ ሙዚቃው ለውጥ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ለወጣቶቹ ትቼዋለሁ።

ስለ አመራር እንድናገርም ታዝዣለሁ። ጥሩ መሪ ልምምድ ላይ ቀድሞ ይገኛል፤ ሒሳብ ያሳያል። በቃ።

አሁን ወደ እኛ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልን ልጆቻችንን እናሳድጋለን፤ ስቱዲዮ ስንገባ ግን «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» እንላለን። ዕድር እንኳ ድስት ሲያውስ ያስፈርማል! አዋጁ አለ። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝን፣ ማለትም የሚዘፍነውንና መሣሪያ የሚጫወተውን፣ በስሙ ያውቀዋል፤ በእኛው አቆጣጠር በ2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ያወቀን ሰዎች ራሳችንን ሳናውቅ ቀረን። መብቱን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ እዚያ ቀረጻ ላይ እንደነበርህ የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሃል። ምን ታሳያለህ? ሽፋኑን? ሽፋኑ ላይ የለህም።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር ጋር አንድ የውሳኔ ሐሳብ አያይዤ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። ግማሽ ገጽ ነው። ማንኛውም አባል ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት የሙዚቀኞቹ ሁሉ ስም ከነመሣሪያቸው የተጻፈበት፣ የሚከፈላቸው የተገለጠበት፣ ሥራው ወደፊት በየትኛውም መንገድ ገንዘብ ቢያመጣ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ የተወሰነበት ወረቀት ካልተፈረመ ስቱዲዮ አይገባም ይላል። ስሞቹ ሽፋኑ ላይና በኢንተርኔት ሲለቀቅ ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ላይ እንዲወጡም ያስገድዳል። ራሱን «ባንድ» ብሎ የሚጠራ ቡድን ደግሞ ማን አባል፣ ማን ተቀጣሪ እንደሆነ በአንድ ወር ውስጥ ጽፎ ለማኅበሩ ያስገባል።

ጠበቃ ይየው፣ ጥናት ይደረግበት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ የሚል ሰው ይነሣል። በየዓመቱ ይነሣል። ጠበቃ አይቶታል፤ ከኋላ በኩል ተቀምጧል፤ አሁኑኑ ጠይቁት። ለሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ነገር የለም።

ሰብሳቢያችን፣ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት በእጅ ማውጣት ድምፅ እንዲያሰጡልኝ እጠይቃለሁ። ቆጠራውም በስም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ።