ጭርት የተባለው ሁሉ ጭርት አይደለም፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በጎንደርና በአካባቢዋ ያሉ አድማጮቻችን በዚህ ሳምንት ስለ ሶሪያሲስ ጠይቀዋል። መልሱን የሰጡን በዚህ በሽታ ላይ ጥናት ያሳተሙ የቆዳ ሐኪም ናቸው።

ከአዘዞ የደወሉ እናት፦ የ14 ዓመት ልጄ ራሱና ክርኖቹ ላይ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ጭርት ነው ተብሎ ለሦስት ወር ቅባት ቀባነው፤ ለውጥ የለውም። ወንድሞቹ አብረውት መተኛት ፈሩ። ይተላለፋል?

እናታችን፣ ሶሪያሲስ ከሆነ አይተላለፍም። በአልጋም፣ በፎጣም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም አይጋባም። የሰውነት መከላከያ በራሱ ቆዳ ላይ ተነሥቶ የሚያመጣው በሽታ ነው። ጤነኛ ቆዳ ከሥር ተወልዶ እስኪረግፍ አንድ ወር ያህል ይወስድበታል፤ በሶሪያሲስ ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ። አዲሱ አሮጌው ሳይረግፍ ይደርስበታል፣ ይደራረባል፤ ቀስ ብለው ቢፍቁት ከጧፍ ላይ እንደሚፋቅ ሰም ነጭ ሆኖ ይራገፋል።

ይሁንና ልጁን ሳላይ እርግጠኛ ልሁን አልልም። ራስ ላይ የሚወጣ እውነተኛ ጭርት በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ስለዚህ ቅባቱ አለመሥራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጭርት ጸጉሩን ይሰባብረዋል፣ ይመልጠዋል፤ ለወንድሞቹም ይተላለፋል። ሶሪያሲስ አብዛኛውን ጊዜ ጸጉሩን ትቶ ከግንባር በላይ ባለው ዳር በኩል ይወጣል፤ ሁለቱንም ክርኖች እኩል መያዙም ወደዚያው ያመለክታል። ከቅርፊቱ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ይለያል። ይህን ያህል ትንሽ ምርመራ ልጁን ከወንድሞቹ መለየት ያስቀራልና አይዘግዩ።

ከማራኪ የደወለ ወጣት፦ አያቴ የእኔን አይተው ሥጋ ደዌ ነው ይላሉ።

አያትህ ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት። በአውሮፓም ሁለቱ በሽታዎች ለዘመናት ሲምታቱ ኖረው፣ ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ የተባለው የቪየና ሐኪም በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው በግልጽ የለያቸው። አንድ ነገር ሞክር፦ ዓይንህን ጨፍነህ ሰው ቆዳህን በጥጥ ይንካልህ። ሥጋ ደዌ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይደነዝዛል፤ ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ይሰማሃል፣ ያሳክክሃልም። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሐኪም ይይህ። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። በእኛ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ እንደ ውጭ መጻሕፍት ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቡናማ ይመስላል፣ ብዙ ባለሙያም በዚህ ይሳሳታል።

ከዳባት የደወሉ መምህር፦ አንድ ክሊኒክ መርፌ ተወግቼ ሙሉ በሙሉ ጠፋልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሰውነቴን ሁሉ ወረሰኝ።

መምህር፣ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ስለምሰማ ያንገበግበኛል። መርፌው ኮርቲዞን ሳይሆን አይቀርም። ኮርቲዞን በመርፌም ሆነ በኪኒን ሲሰጥ ሶሪያሲስን በፍጥነት ያጠፋዋል፤ ሲቆም ግን ብሶ ይመለሳል። አንዳንዴ መላ ሰውነት ይቆጣል፣ መግል የያዙ ጥቃቅን ፍሬዎች ይወጣሉ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ይህ ከታየብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ። ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከቆዩ ደግሞ በድንገት አያቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

ከአራዳ የደወለች እኅት፦ ሜቶትሬክሴት ታዞልኛል። በቅርቡ አገባለሁ፤ መውለድም እፈልጋለሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ። መድኃኒቱ ጽንስን ይጎዳል፤ ስለዚህ ለማርገዝ ከማሰብሽ ከወራት በፊት ለሐኪምሽ ንገሪና ይቀየርልሽ፣ እስከዚያው መከላከያ አይለይሽ። ሁለተኛውን ነገር ለሁሉም አድማጭ እናገራለሁ፦ ሜቶትሬክሴት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ቀኑን፣ ለምሳሌ ሰኞን፣ ካርድሽ ላይ በትልቁ ጻፊ። ጠላም ሆነ አረቄ ይቅርብሽ፣ የጉበትና የደም ምርመራውንም አትዝለይ።

ጠበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ልተው?

ተጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አትተዉ። ከውኃው እንደወጣችሁ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት። ቅርፊቱን በድንጋይ አትፈግፍጉ፤ የተላጠ ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ሶሪያሲስ ያወጣል። ፀሐይም ይጠቅማል፤ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ካቃጠለ ያብሳል።

ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉልኝም፤ ከቆዳው ጋር ግንኙነት አለው?

ሊኖረው ይችላል። ሶሪያሲስ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፣ ሳይታከም ከቆየም ጣትን ያጣምማል። ጥፍርዎን ብርሃን ላይ ይመልከቱ፤ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ካለው፣ ወይም ጠዋት ጣትዎን ለማፍታታት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከፈጀብዎ፣ በዚህ ሳምንት ይታዩ። ሲመጡ ጥፍር ቀለሙን አጥፍተው ይምጡ።