ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ጥገና አድማጮች ደውለው ለጠየቁት የባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር ባለሙያ ልጥራ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ማብሪያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩንም (የመስመሩን ማቋረጫ) ያውርዱ፣ አምፖሉ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ የተሰበረ ማብሪያ ማጥፊያስ ራሴ ብቀይር?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ግን ተረጋግተው። ቴስተሩን (መብራት መኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ) መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር መብራት እያለ የለም ይላል። ከዚያ ብሬከሩን አውርደው እያንዳንዱን ሽቦ ይፈትሹ። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። መልሰው ሲያስሩ ብሎኑን ያጥብቁና ሽቦውን ሳብ አድርገው ይሞክሩት፤ የላላ እስር ይግላል። በማብሪያው በኩል ማለፍ ያለበት ፌዙ፣ ማለትም መብራት የሚያመጣው ሽቦ ነው። ኒውትራሉ፣ ማለትም መላሹ ሽቦ ከሆነ መብራቱ ቢጠፋም አምፖል መያዣው ላይ 220 ቮልት እንዳለ ይቆያል። ማብሪያውን አጥፍቻለሁ ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው የሚነዘረው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንጀራ ስጋግር ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ። አንድ ሠራተኛ በባለ 32 አምፔር ቀየረልኝና መውረዱን ተወ። አሁን ግን ሶኬቱ ይሞቃል፣ ይሸታልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ምጣዱን አሁኑኑ ይንቀሉት፤ እስኪስተካከል አይጋግሩበት።

ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፦ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ሲሰካ ሌላ 9 አምፔር ይጨመራል፣ ድምሩ 25 ይሆናል። የሶኬት መስመር ብዙውን ጊዜ ባለ 2.5 ሽቦ ነው (ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው)፤ ለእሱ የሚገባው ብሬከር 16፣ ቢበዛ 20 ነው። የቀድሞው ብሬከር የወረደው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ነው። 32ቱ ግን 25 አምፔር ሲያልፍ ዝም ይላል። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ሁለቱ መዳቦች ይነካካሉ። ሶኬቱ ደግሞ ለ25 አምፔር አልተሠራም፤ ሽታው የመጣው ከእሱ ነው። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትም ያው ጥፋት ነው።

መፍትሔው ከብሬከር ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ የራሱ መስመር ነው፦ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ መሐል ላይ ሳይቀጠል፣ ከምድር ሽቦው ጋር፣ በ20 ወይም በ25 ብሬከር። ሽቦውን ሲገዙ ልብ ይበሉ፣ ላዩ ላይ 4 ተጽፎበት መዳቡ የቀጠነ አለ። የድፍን ባለ 4 ሽቦ መዳብ ውፍረቱ 2.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለካ። እሳት ከተነሳ ደግሞ ዋናውን ብሬከር አውርዱ እንጂ ውኃ አትድፉ።

ጥያቄ፦ ገላዬን ስታጠብ ቧንቧው ይነዝረኛል።

መልስ፦ የቦይለሩን ብሬከር ያውርዱ፤ ባለሙያ የምድር ሽቦውንና ማሞቂያውን ሳይፈትሽ ማንም አይታጠብበት። ይህ እስከ ነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፖሉ ወደ ቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ላልቶ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። የሰፈር ልጅ ላሳስረው?

መልስ፦ በፍጹም። ያንን ገመድ የእርስዎ ብሬከር አያጠፋውም። ወደ መብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል 905 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ብቃት እንዳለው፣ ዋጋውም ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ይጠይቁ፣ በቅርቡ የሠራበትን ቤት ያሳይዎት። «ለምጣድ ስንት ቁጥር ሽቦ ትዘረጋለህ?» ይበሉት። ሽቦውን ሳያይ ትልቅ ብሬከር እገጥማለሁ ካለ አመስግነው ያሰናብቱት።

ዋጋውን የእጁን ለብቻ፣ የዕቃውን ለብቻ ያስነግሩ። የመስመር ዝርጋታ የሚከፈለው በፖይንት ስለሆነ መብራቱን፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያውን አብራችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ ያንኑ ቁጥር ለሁለት ለሦስት ሰው ሰጥተው ያነጻጽሩ። ከሁሉም እጅግ የረከሰው በሽቦው ቀጭንነት እያካካሰው እንዳይሆን ይጠርጥሩ። ዕቃውን ራስዎ አብረው ሄደው ይግዙ፣ ደረሰኙም በእጅዎ ይሁን። ቅድሚያ ከሰጡ ለዕቃው ብቻ ነው። የእጁን የመጨረሻ ክፍያ የሚቀበለው ምጣዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጋግሮበት፣ ሶኬቱን ከላይ ሲዳስሱት ሳይግል ነው።