ይህች ላም የማን ልጅ ናት?
ለእንስሳት ሳይንስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ተማሪ ሳለሁ «አርብቶ አደር ከብት የሚያበዛው ለክብር ነው» ተብዬ ነው የተማርኩት። ፈተና ላይም ይህንኑ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ያንን ወረቀት በገዛ እጄ ላርመው ነው።

የማወራችሁ ስለ ፉላኒዎች ነው። እነሱ ራሳቸውን ፉልቤ ይላሉ። ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ቻድና ሱዳን ድረስ ይገኛሉ። ከተሜው፣ ነጋዴው፣ የሃይማኖት ሊቁ ብዙ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከብት ከሚያረቡት ጋር ነኝ።

አንዲት ነጭ ፉላኒ ላም አስቡ። ናይጄሪያ ውስጥ ቡናጂ ይሏታል። ሻኛ አላት፣ ቀንዷ ረጅም ነው። ከጥጃዋ ተርፎ ለቤት የሚታለበው በቀን ከአንድ ከሁለት ሊትር እምብዛም አያልፍም። ብዙ ጊዜ የምትወልደው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ይህን ቁጥር ከውጭ ከመጣችው የወተት ላም፣ ከደብረ ዘይት ፍሪዥያን ጋር ስናስተያየው ያስቃል። እስቲ ፍሪዥያኗን ሚያዝያ ላይ ኒጀር እንውሰዳት። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ፣ ሳሩ ገለባ፣ ውሃው በሁለት ቀን አንዴ። ስንት ቀን በእግሯ ትቆማለች?

ላሟን ትተን መሬቱን ስንለካ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ብሬማን እና ዴ ዊት የተባሉ ተመራማሪዎች የማሊን ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮች መርምረው ነበር። በሄክታር የሚገኘው የእንስሳት ፕሮቲን ተመሳሳይ ዝናብ ካላቸው የአውስትራሊያና የአሜሪካ ራንቾች ቢበልጥ እንጂ እንደማያንስ ጻፉ። መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካም በማሊና በናይጄሪያዋ ካዱና ፉላኒዎችን ለዓመታት አጥንቷል። ጥናቱ እኛው ከተማ ውስጥ እየታተመ፣ እኛ ክፍል ውስጥ «ለክብር ነው» እንላለን። ይገርማል!

ነገሩ ያለው ሳሩ ላይ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው ደረቅ ምድር፣ በሳህል፣ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ሳሩ አጭርና ጥቂት ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ከፍ ያለ። ወደ ደቡብ ሳሩ ቁመት አለው፣ የሚጠቅመው ነገር ግን ትንሽ ነው። እዚያ የሚያንሰው የአፈሩ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ እረኛው ክረምት ሲገባ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ደቡቡን ለእርሻውና ለገንዲ ዝንቡ ይተዋል። በጋ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ ማሳ ላይ የቀረውን አገዳ ከብቱ ይበላል፣ ገበሬው ፋንድያ ያገኛል። በሐሩሩ ወራት ብዙዎቹ ሌሊት ያግዳሉ። ቀን ላይ ከብት በሙቀት ምክንያት በደንብ አይበላማ።

ማሊ ውስጥ፣ የኒጀር ወንዝ በሚተኛበት ረግረግ፣ ቡርጉ የሚባል የውሃ ሳር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማሲና መንግሥትን የመሠረተው ሴኩ አማዱ ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል ወደዚያ ግጦሽ እንደሚገባ ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። ዛሬም ጆውሮ የሚባሉ የግጦሽ አለቆች አሉ። ከብቱ ከሰሜን ሲመለስ ዲያፋራቤ ላይ ወንዙን በዋና ይሻገራል። ዩኔስኮ ይህን በዓል «ያራል እና ዴጋል» ብሎ መዝግቦታል። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ከብቱን ያያል። የከሳ መንጋ ይዞ የተመለሰ እረኛ አንገቱን ይደፋል። ከዚህ የበለጠ የአፈጻጸም ግምገማ አላየሁም።

መንጋው ሁሉ አብሮ አይሄድም። ጥገቶቹ ከሴቶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀራሉ፤ የነጠፉትና ወይፈኖቹ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። የቦረና ልጆች እዚህ ካላችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ዋራና ፎራ የምትሉት መሆኑ ነው።

ኮርማ የሚመረጠው ደግሞ በእናቱ ነው። ከፉላኒ ወገን የሆኑት የኒጀር ወዳቤዎች የላሞቻቸውን ዘር በእናት በኩል ይቆጥራሉ። ሳር መርጣ የምትበላ፣ በድርቅ ዓመት የጸናች፣ ጠሪዋን የምታውቅ ላም ልጅ ለኮርማነት ይቀራል። ሌላው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። እኛ መዝገብ ላይ የምንጽፈው እነሱ አእምሮ ውስጥ ነው።

አሁን ወደዚያ ፈተና። ድርቅ ግማሹን ከብት ይግደል እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1984 ድርቁ ብዙዎችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ስልሳ ያለው ሰላሳ ይቀረዋል፣ እንደገና ይነሳል። አስር ያለው አምስት ይቀረዋል፤ በአምስት ከብት ቤተሰብ አይኖርም። ለተጎዳው ደግሞ ሀባናዬ አለ። ዘመድ ወይም ወዳጅ ጊደር ያበድራል። ተበዳሪው ሁለት ሦስት ጥጃ ለራሱ ያስቀርና ላሟን ይመልሳል። ባንኩም ኢንሹራንሱም ይኸው ነው። ክብር ቢኖርበትስ ምን ይገርማል?

ሁሉ ነገር አማረ እያልኩ አይደለም። ወተቱን የምትሸጠው ሴትዮዋ ናት፤ በናይጄሪያ ገበያ ማሽላ ከሚመስለው ሚሌት ከሚባል እህል ጋር ተመትቶ ፉራ ዳ ኖኖ ይሆናል። ለገበያ ሲባል ጥጃው ሲራብ ግን የነገ ላም ትሞታለች። ክትባት ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ናይጄሪያ ውስጥ የደስታ በሽታ እንደገና ተነስቶ ብዙ ከብት ፈጅቷል። በሽታው ከዓለም ጠፋ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬ ትልቁ ጭንቀት መንገድ ነው። የከብት መተላለፊያው ይታረሳል፣ ከዚያ ጠብ ይነሳል፣ ደም ይፈሳል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ድንበር የሚሻገር መንጋ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ወስኗል። ወረቀቱ መንገድ የታረሰበትን እረኛ ግን አያሳልፈውም።

ከእናንተ ጋምቤላ ወይም ቤኒሻንጉል የሚመደብ ይኖራል። እዚያ በበጋ ከሱዳን በኩል ፈላታ የምንላቸው ይመጣሉ፤ የፉላኒ ወገኖች ናቸው። ስለ ግጭቱም ስለ ክትባቱም ሥራ ይጠብቃችኋል። አንድ ቀን መንጋቸው ፊት ስትቆሙ ኮርማውን አሳዩን በሉ። እናቱ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቁ። ምሳ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌው ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም።

አመሰግናለሁ።