ካልተሰማ ቀሪ ነው
(ደብረ ብርሃን ላይ ለአዲስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እናቶች፣ አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ብርዱን አያችሁት? ገና መስከረም ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ እንነጋገራለን።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ፈተናና ስለ ውጤት አላወራም፤ እሱን ዓመቱን ሙሉ ትሰሙታላችሁ። የማወራው አዲስ ክፍል በር ላይ ስትደርሱ ሆድ ቁርጥ ስለሚያደርገው ፍርሃት ነው።

ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

እንደገመትኩት ነው፤ መዝገቡ ላይ ብዙ ናችሁ፣ እጁ ግን ጥቂት ነው። አልፈርድባችሁም። እኔም በእናንተ ዕድሜ አላወጣም ነበር።

የመጣሁት ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው። እዚያ ሹራብ ማን ያውቃል? ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት ቆላ ነው። እዚህ አጎቴ ቤት አረፍኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ የአጎቴ ሚስት አዘኑልኝና የራሳቸውን ሹራብ አለበሱኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ነው። አንገቱ ዙሪያ በእጅ የተጠለፈ አበባ አለው። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ብርዱም እምቢ አያስብልም። ለብሼው ሄድኩ።

ክፍል ስገባ አንዲት ልጅ ሳቀች። በምን እንደሳቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን በሹራቤ ነው ብዬ እዚያው ፈረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴን ደፋሁ። ዕረፍት ሲሆን ሽንት ቤት ገብቼ ደወል እስኪደወል እቆማለሁ። የተማሪ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚሸት ታውቃላችሁ። ከሽታው የሰው ዓይን ይከብደኝ ነበር።

ጠዋት የክፍል አለቃው ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ቀን ቀሪ ተባልኩ። ወላጅ አምጣ ተባለ። አጎቴ ሥራውን ትቶ መጣ። እሱ «ልጁ በየቀኑ ከቤት ይወጣል» ይላል። መዝገቡ የለም ይላል። እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ።

አሁን ትንሽ ባዮሎጂ ልጨምር፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል። የጣርማ በርን ዳገት የወጣ መኪና እንዴት እንደሚያቃስት ሰምታችኋል። ሰውነታችሁም እንደዚያው ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሁለት ደረጃ ወጥቶ ማለክለክ አለ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል በር ላይ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል። «በቃ ፈሪ ነኝ» አልኩ። ግማሹ ዳገቱ ነበር! ከቆላ የመጣችሁ፣ ለራሳችሁ ጥቂት ሳምንት ስጡ። ሰውነት ይለምዳል።

የቀረው ግማሽ ግን እውነተኛ ፍርሃት ነው። ስንፈራ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይገባል። ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ሰውነት ለሩጫ እየተዘጋጀ ነው። ጅብ ሲመጣ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ጅብ የለም። (ለጥናት ብላችሁ ጫትና ቡና የምታበዙ ካላችሁ፣ እሱም ልብ ያስመታል። ወላጆች ስላሉ ከዚህ በላይ አልናገርም።)

የፍርሃት ክፋቱ ሲሸሹት መጣፈጡ ነው። ሽንት ቤት ስገባ ወዲያው ቀለል ይለኛል። ያቺ ቅለት ናት ያታለለችኝ። ጭንቅላቴ «አየህ፣ ያዳነህ መደበቅህ ነው» ብሎ መዘገበ። በነጋታው ፍርሃቱ ትንሽ አድጎ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት ውኃ ለመጠጣት ቧንቧው ጋ መሄድ እንኳ አቃተኝ።

ስለ ሰው ዓይን አንድ ጥናት ልንገራችሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጊሎቪች የሚባል የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ነው። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አለበሷቸው። ከዚያ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። «ስንቱ ሰው ሥዕሉን ያየው ይመስልሃል?» ሲባሉ ግማሽ ያህሉ ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ከአራት አንድ ያህል ነበር።

ልብ በሉ፣ ማንም አላየም አልተባለም። የሚያይ አለ። የሚስቅም አለ። «ፋራ» የሚልም አይጠፋም፤ ከተማ ነዋ። ብቻ እኛ የምናስበውን ያህል አይደለም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረውን ልጅ አገኘሁት። ስለ ሹራቡ ጠየቅኩት። «የምን ሹራብ?» አለኝ። አበባውን ጭምር ገለጽኩለት። ትዝ አላለውም። ቀጥሎ ምን አለ መሰላችሁ? «ያበደርኩህን ሃምሳ ሳንቲም ግን አልመለስክልኝም።»

እንዴት ወጣህበት ለምትሉኝ፣ አጎቴ ትምህርት ቤት ከተጠራ በኋላ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «አቤት»ን መለማመድ ጀመርኩ። መንገድ ላይ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። የሰማኝ እብድ ሳይለኝ አይቀርም። በነጋታው ድምፄ ተንቀጥቅጦ ወጣ፤ ግን ወጣ። ቀጥሎ የጎረቤቴን ስም ጠየቅኩ። ቀጥሎ ቧንቧው ጋ ተሰለፍኩ። ጥያቄ የጠየቅኩት ግን ጥር አልፎ ነው። ቀድሜ ደብተሬ ላይ ጽፌው፣ ከዚያ አነበብኩት። ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ አሁንም ሽንት ቤት ነበርኩ።

ልብ ሲመታ ትንፋሽ በአፍንጫ ሳቡ፤ ስታስወጡት ከሳባችሁት በላይ አርዝሙት። ማስወጣቱ ሲረዝም ልብ ረገብ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ማንም ሳያውቅባችሁ ወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

እንግሊዝኛውም አለ። ከዚህ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእሱ ነው። ይሰበራል፤ ይሰበር። በእኔ ክፍል በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል።

ወላጆች፣ ብዙዎቹ ልጆች ቤት ተከራይተው፣ በሶና ድርቆሽ ቋጥረው ነው የመጡት። ስትደውሉ «ምን ያስፈራሃል፣ ወንድ አይደለህ?» አትበሉ። ዛሬ ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ጠይቁት። ሴት ልጅም እንዲሁ።

ተፈናቅላችሁ የመጣችሁም እዚህ መሐል አላችሁ። የእናንተን ከሹራብ ታሪክ ጋር አልደምረውም። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ ሳምንታት አልፈው የማይቀል ጭንቀት ትንፋሽ በመቁጠር ብቻ አይመለስም። እናንተም ሆናችሁ ሌላው ተማሪ እንዲህ ያለው ከገጠማችሁ፣ ለሚቀርባችሁ መምህር ወይም ለእኔ ንገሩን። ጤና ተቋም አብረን እንሄዳለን። የአእምሮ ሐኪም ማየት እብደት አይደለም።

በሉ፣ ብዙ አቆምኳችሁ። ወደየክፍላችሁ ግቡ፤ ስም ይጠራል። ከኋላ የምትቀመጡ፣ «አቤት» ስትሉ አለቃው ይስማችሁ። ካልተሰማ ቀሪ ነው፤ እኔም የማንንም አጎት መጥራት አልፈልግም።