ተራራ ላይ ሐውልት መቅረጽ፦ የአድማጮች ጥያቄና የጂኦሎጂ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ግዙፍ ምስል ሲቀረጽበት ተራራው ይበላሻል ወይስ ያምራል?

መልስ፦ ይህን ሳልጠየቅ የምውልበት ቀን የለም። እኔም ሁልጊዜ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ፍርስራሹ የት ይገባል? ሰው ፊቱን ያያል እንጂ ከሥሩ ያለውን ክምር አያይም። አሜሪካ ውስጥ ማውንት ራሽሞር እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1941 ሲቀረጽ ከ400 ሺህ ቶን በላይ ግራናይት ወርዷል፤ ከአሥር ዘጠኝ እጁ በድማሚት ነው። 18 ሜትር ያህል ቁመት ካላቸው የአራት አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ፊቶች በታች ድንጋዩ ዛሬም እንደተናደ ተኝቷል። የቻይናው የሌሻን ቡድሃ ሐውልት ቁመቱ 71 ሜትር ነው፤ በ713 ተጀምሮ በ803 አለቀ። እሱ ገደሉ ውስጥ ተቀምጦ ወንዙን ይመለከታል። ለእኔ የመጀመሪያው ተራራውን ጎድቶታል፣ ሁለተኛው ከገደሉ ጋር ተስማምቷል። "ራሽሞር ግን ያምራል" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔ ማማሩን መቼ ካድኩ?

ጥያቄ፦ በድማሚት የተነሣው የተራራ ገጽ በጊዜ ብዛት ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም። ድንጋይ ጠጉር አይደለም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሲቀርጸው ቅርስ፣ እኔ ስሜን ስጽፍበት ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጎበዝ ጠያቂ ነህ፤ እንግዲህ ቁጭ ብለህ ስማኝ። መንግሥት ስለቀረጸው ጥፋት አይሆንም ያለህ ማን ነው? ያንተ ግን ባንተ አያበቃም። አንድ ስም ያየ ሰው "ድሮም ተጽፎበታል" ብሎ የራሱን ይጨምራል፣ የፍቅረኛውንም ይጨምራል፣ በዓመቱ ገደሉ የስም መዝገብ ሆኖ ታገኘዋለህ። በረሃማ ቦታ ላይ ደግሞ ድንጋዩን የሸፈነው ጥቁር ቆዳ በሺህ ዓመታት የተሠራ ነው። በምስማር ለመፋቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የጥንት ሰዎች ምስል የፈለፈሉትም እዚያው ቆዳ ላይ ስለሆነ፣ ሳታውቀው በእነሱ ሥራ ላይ ትጽፋለህ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ከሩቅ እንዲታይላችሁ ገደል ጫፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትጽፋላችሁ። የላላ ድንጋይ ልውደቅ ነው ብሎ አይናገርም! ስንቴ ልናገር? ጽፋችሁ የተጸጸታችሁም አሲድና የሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ አትውጡ። አሲድ የኖራ ድንጋይን ይበላል፣ ሽቦው ሌላ ጠባሳ ይጨምራል። ተዉት፤ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ንገሩ።

ጥያቄ፦ አንድ የተቀረጸ ምስል ላይ ስንጥቅ አይተናል። በሲሚንቶ ብንደፍነውስ?

መልስ፦ ሲሚንቶውን አስቀምጡት። ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ጨው እየያዘ ድንጋዩን ይልጠዋል፤ ብርድ ባለበት ደግሞ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። የሌሻን ቀራጮች በጠጉሩና በጆሮው በኩል የውሃ መውረጃ ያበጁለት ወደው አይደለም። የራሽሞር ስንጥቆች ውሃ እንዳያስገቡ የሚደፈኑት እንደ ሲሚንቶ በማይደርቅ፣ በሚለጠጥ የሲሊኮን ሙጫ ነው፣ እንቅስቃሴያቸውም በመሣሪያ ይለካል። የእናንተን በስልክ ልመረምር አልችልም፤ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥቶ ይየው።

ጥያቄ፦ ተራራው ባለቤት ካለውስ?

መልስ፦ ባለቤቱ ነዋ መጠየቅ ያለበት። ራሽሞር ያለበት ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1868 ውል ለአገሬው ተወላጆች ለላኮታ ሕዝብ የተጠበቀ ምድር ነበር። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተወሰደባቸው መሬት ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ሲፈርድ፣ ገንዘቡን አንፈልግም፣ መሬታችንን መልሱ አሉ። እዚያው አካባቢ ከ1948 ጀምሮ የላኮታው መሪ ክሬዚ ሆርስ በሌላ ተራራ ላይ እየተቀረጸ ነው፤ ለክብራቸው ተብሎ ቢሆንም ከራሳቸው ከላኮታዎች የሚቃወሙት አሉ። እዚያ የሄደ ሰው ስለ ፍርስራሹም ይጠይቅልኝ።

ጥያቄ፦ አባታችንን ለማስታወስ ከቤታችን በላይ ባለው ገደል ላይ ምስላቸውን ልናስቀርጽ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ከቤት በላይ ያለ ገደል? ድማሚት የሚያናጋው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ አይደለም። ራሽሞር ላይ እንኳ የጄፈርሰን ፊት ከዋሽንግተን በስተቀኝ ተጀምሮ፣ ድንጋዩ አልሆን ሲል ፈርሶ በግራ በኩል እንደገና ተቀርጿል። የጂኦሎጂ ባለሙያ ሳያየው አንዲት መሮ እንዳታሳርፉበት። እስከዚያው ፎቷቸውን በትልቁ አሳጥባችሁ ሳሎን ስቀሉት።